በቆሎን በቆየ የቀርከሃ ጎተራ ማድረቅ

በቆሎ በመኸር ወቅት ፍሬው ጠንክሮ ቢታይም ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል፣ ተሸልቅቆ ከነቆረቆንዳው አየር በሚያሳልፍ የቀርከሃ ጎተራ ቢደርቅ ይመረጣል። በጭቃ የተለሰነ ጎተራ ነፋስ ስለማያስገባ ለማድረቂያ አይሆንም። የጎተራው ወርድ ከአንድ ሜትር ባይበልጥና ረጅሙ ጎኑ ወደ ነፋሱ ቢዞር መልካም ነው። የሻገተውን ራስ አስቀድመው ይለዩ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳና በመቀቀል የማይጠፋ መርዝ ስለሆነ፣ በዚህ ላይ ቸልታ ፈጽሞ አይገባም።

መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። ጥቂት የተፈለፈለ በቆሎ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ ጨምረው፣ ክዳኑን ገጥመው በደንብ ይነቅንቁትና ያስቀምጡት፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ባይጣበቅም፣ በጆንያ ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ወደ 13 በመቶ መውረድ ስላለበት፣ ፈልፍለው በሸራ ላይ በስሱ በማስጣት ተጨማሪ ፀሐይ ያስመቱት።