የጥማድ በሬ ጉልበት በዋት እንዴት ይለካል?

በሬ የሚመረጠው በአብዛኛው ከባድ በመጎተቱ ነው። ፓወር ግን የመጎተት ኃይል በፍጥነት ተባዝቶ ነው የሚገኘው፤ ሚዛን ብቻውን አይበቃም፣ ሰዓትም ያስፈልጋል።

200 ኪሎ የሚችል ተንጠልጣይ ሚዛን በሞፈሩና በቀንበሩ መካከል ይግባ። ምራኑን አትፍቱት፣ አላልታችሁ ተዉት፤ ሚዛኑ ቢበጠስ ሞፈሩን ይይዛል። 50 ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ፤ በሬዎቹ ግን ከምልክቱ 5 ሜትር ቀደም ብለው ይነሱ፤ የመነሻው ጉተታ ከፍ ስለሚል አማካዩን ያዛባል። ንባቡ ስለሚዘልል በስልክ ቀርጻችሁ በየ5 ሜትሩ ያለውን ቁጥር በኋላ አውጡ። አራሹ እርፉን ከተጫነ ማረሻው ጠልቆ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ይህ የበሬው ሳይሆን የአራሹ ክንድ ሥራ ነው፤ ስለዚህ የትልሙን ጥልቀት ደጋግማችሁ ለኩ።

አማካዩ 60 ኪሎ ከሆነ በ9.8 ሲባዛ 588 ኒውተን ነው። ሞፈሩ ወደ ላይ ስለሚያዘነብል አንግሉን ለኩ፤ 20 ዲግሪ ከሆነ በኮሳይኑ በ0.94 አባዙት፣ 553 ይሆናል። 50 ሜትሩ 80 ሰከንድ ከፈጀ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.625 ሜትር ነው። ውጤቱ 346 ዋት ገደማ፣ ለሁለቱም በሬዎች በአንድነት።

ሥር የያዘውን ማረሻ እየሳበ የቆመ ጥማድ የቱንም ያህል ቢወጠር ፓወሩ ዜሮ ነው። ጡንቻ በፈጠነ ቁጥር የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል፤ እንግሊዛዊው የጡንቻ ተመራማሪ ሂል በ1938 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ጡንቻ እንዳሳየው። ፓወሩ የሚልቀው ከከፍተኛው የመኮማተር ፍጥነት አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥማዱ እየተንቀራፈፈ ከሆነ ጅራፍ ከማንሳት ይልቅ ጥልቀቱን መቀነስ ያዋጣል።

ለሰዓታት ለሚዘልቅ እርሻ ጉተታው ከሁለቱ በሬዎች ክብደት 10 በመቶ ገደማ ይሁን። የአንዱን በሬ ክብደት በመለኪያ ሜትር መገመት ይቻላል፦ የደረት ዙሪያ በራሱ ተባዝቶ፣ በአካሉ ርዝመት (ከትከሻ እስከ መቀመጫ) ተባዝቶ፣ ለ10,840 ሲካፈል (በሴንቲ ሜትር) ኪሎውን ይሰጣል። ግምት ነው እንጂ ሚዛን አይደለም።

አንዱ በሬ ደካማ ከሆነ የምራኑን ማሰሪያ ወደ ጠንካራው አስጠጉ። በአንገቶቹ መካከል 100 ሴንቲ ሜትር ካለ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ማስጠጋት ጭነቱን 55 ለ45 ያደርገዋል። ወደ ደካማው የሚያስጠጉም አሉ፤ ያ ጭነቱን እሱ ላይ ይከምራል።

ልኬቱን ሁልጊዜ በማለዳ አድርጉ። በሬው ማለከለክ ከጀመረ በኋላ የሚገኘው ቁጥር የሙቀቱን እንጂ የጡንቻውን አይናገርም።