እማማ ያልሆነውን «ሆኗል» ሲሉ

የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናት «ከመቀነቴ ፈትተው ብሬን ወሰዱብኝ» ሲሉ እየዋሹ አይደለም። አእምሯቸው የጎደለውን በሚመስለው ነገር ሞልቶታል፤ ለእሳቸው ያ እውነተኛ ትዝታ ነው። «ማንም አልወሰደብዎትም» ብላችሁ ከተከራከራችሁ ሌባውን የደበቃችሁ ይመስላቸዋል። «ደንግጠዋል፤ እስቲ አብረን እንፈልገው» በሏቸው። ሙዳዩን፣ የፍራሹን ሥር፣ የባናውን እጥፋት እዩ። ሲገኝ በገዛ እጃቸው ያንሱት። ቦታውን ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው መልሰው ይደብቃሉ።

ትልቁ ስህተት አጠያየቃችን ላይ ነው። «ትናንት የመጣው የጎረቤት ልጅ ይሆን የወሰደው?» ተብለው ከተጠየቁ፣ ነገ ልጁን በዓይናቸው እንዳዩት ሊናገሩ ይችላሉ። ትዝታውን የተከለው ጥያቄው ነው። ስም አትጥሩ፤ «ምን ሆነ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ነገሩ የብድር ወይም የመሬት ከሆነ ወረቀትና ምስክር ሳታዩ ማንንም አትክሰሱ። ሁሉንም ቅዠት ነው ብላችሁም አትተዉት፤ የሚረሳ ሰውም በእውነት ይሰረቃል።

«እኔን ያውቁኛል? ማን ነኝ?» እያሉ መፈተንም ይጎዳል። የተሳሳተው ግምት ራሱ ይያዛል፣ በሚቀጥለውም ጊዜ እሱው ይመጣል። እንደገባችሁ «እማማ፣ የበኩር ልጅዎ ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን መጣሁ» በሉ። ቀኑንም ከመጠየቅ ይልቅ «ዛሬ 12 ነው፣ ሚካኤል» ብላችሁ ንገሯቸው።

አንድ አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ መነጽራቸው የሚቀመጥበትን፣ ለማስያዝ መልሱን ንገሯቸውና ወዲያው ጠይቋቸው። ከዚያ ከ30 ሰከንድ፣ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ደቂቃ በኋላ ድገሙ። ከሳቱ እንዲገምቱ አትጠብቁ፤ መልሱን ሰጥታችሁ መጨረሻ ወደተሳካው ጊዜ ተመለሱ።

«ቡና ያፍሉ» ለእኛ አንድ ሥራ ነው፣ ለእሳቸው ግን ቅደም ተከተሉ የጠፋባቸው ብዙ ሥራ። ፊታቸው ጀበናው፣ ውሃው፣ የተወቀጠው ቡናና ስኒው ብቻ ይሁን። «ውሃውን ጀበናው ውስጥ ይጨምሩ» በሉና እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ካልጀመሩ ጀበናውን በእጃቸው አስይዟቸው። ቀጣዩን የምትናገሩት ያኛው ሲያልቅ ነው። እሳቱን እናንተ ያዙ። በመንዝ ብርድ ከሰል በዝግ ክፍል ማሳደር ጤነኛውንም ይገድላል፤ ለሌሊቱ ባና ይደረብላቸው።

የአእምሯቸው ለውጥ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ የሌለ ሰው ካዩ፣ ወይም ቀን አንቀላፍተው ሌሊት ከባነኑ፣ «መርሳቱ ባሰባቸው» ብላችሁ አትቀመጡ። የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ እንደ አሚትሪፕቲሊን (ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ ኪኒን) ያለ መድኃኒት እንዲህ ያደርጋል፤ ምክንያቱ ከታከመ ብዙ ጊዜ ይሻላቸዋል። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ላይ ቢሆኑም እንኳ ውሃና መድኃኒት አይቋረጥባቸው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ የሚወስዱትን ኪኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።