ዲዳክቲብሉ ትልቅ የሆነውን ኢንሹራንስ ከመምረጣችሁ በፊት

ኖቬምበር ሲገባ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ይደውልልኛል። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ቢል ክፍል ስለምሠራ ነው። «መሥሪያ ቤቴ ሁለት የጤና ኢንሹራንስ ፕላን ሰጠኝ። አንዱ ርካሽ ነው፣ ግን ዲዳክቲብሉ ያስደነግጣል» ይሉኛል። ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ለኢንሹራንሱ ከፔይቼካቸው ስንት እንደሚቆረጥ ነው፤ ይህ ፕሪሚየም ይባላል።

ባለ ልጆች ቤተሰብ እንበል። መደበኛው ፕላን በየሁለት ሳምንቱ 210 ዶላር ይቆርጣል፤ በዓመት 5,460። ርካሹ 95 ይቆርጣል፤ በዓመት 2,470። ልዩነቱ 2,990 ነው። አሠሪው ደግሞ ርካሹን ለመረጠ ኤችኤስኤ (ለሕክምና የሚቀመጥ ከታክስ ነፃ የቁጠባ አካውንት) ውስጥ 1,000 ይጨምራል። ሐኪም ቤት ሳትረግጡ 3,990 ዶላር እጃችሁ ላይ ቀረ ማለት ነው። የመደበኛው ዲዳክቲብል 1,000፣ የርካሹ 4,000 ቢሆን እንኳ ያ ትርፍ ልዩነቱን ይሸፍናል።

ክፉ ዓመትም አለ። «አውት ኦፍ ፖኬት ማክሲመም» የሚለውን መስመር ፈልጉ። በኔትወርኩ (ኢንሹራንሱ በተዋዋላቸው ሐኪሞች) ውስጥ እስከታከማችሁ ድረስ በዓመት ከኪሳችሁ የሚወጣው ከዚያ አያልፍም። የመደበኛው 6,000፣ የርካሹ 8,000 ነው እንበል። ፕሪሚየሙን ደምሩ፣ የአሠሪውን ገንዘብ ቀንሱ። 11,460 ለ9,470፤ እዚህም ርካሹ ይሻላል። ሁሌ እንዲህ ግን አይደለም። የፕሪሚየሙ ልዩነት በዓመት 500 ዶላር ብቻ ከሆነና አሠሪው ምንም ካልጨመረ፣ እኔ በበኩሌ ርካሹን አልነካውም።

የመሥሪያ ቤታችሁን ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) አንድ ነገር ጠይቁ፦ አንድ ልጅ ብቻ ቢታመም የቤተሰቡ ዲዳክቲብል በሙሉ መሙላት አለበት ወይ? ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ቢሉ ሲመጣ ነው።

በ2026 ኤችኤስኤ ውስጥ ማስገባት የሚቻለው ለአንድ ሰው እስከ 4,400፣ ለቤተሰብ እስከ 8,750 ዶላር ነው፤ አሠሪው የሚጨምረውም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። በፔይቼክ በኩል ሲገባ የፌዴራል ታክስም የሶሻል ሴኩሪቲ ቆረጣም አይነካውም። ለሕክምና ሲወጣም ታክስ የለውም። ዓመቱ ሲያልቅ አይቃጠልም፣ ሥራ ብትለቁም የእናንተው ነው። 65 ዓመት ሳይሞላችሁ ለሌላ ነገር ካወጣችሁት ግን ከታክሱ ሌላ ያወጣችሁት ገንዘብ 20 በመቶ ቅጣት ይጨመራል።

ችግሩ ጃንዋሪ ላይ ነው። ዲዳክቲብሉ ከዜሮ ይጀምራል፣ በመጀመሪያው ዓመት አካውንቱም ባዶ ነው። ልጅ እጁን ቢሰብር ማውጣት የምትችሉት እስካሁን የገባውን ብቻ ነው። ስለዚህ በፕሪሚየም የተረፈችውን 115 ዶላር በየፔይቼኩ እዚያው አስገቧት። ለዕቁብና ለቤት ኪራይ የምትሄድ ከሆነ ርካሹ ፕላን ጉድ ያደርጋችኋል። አካውንቱን ደግሞ ፕላኑ በጀመረበት ቀን ክፈቱ፤ ከመከፈቱ በፊት የታከማችሁትን አይሸፍንም። ከዚያ በኋላ ከኪሳችሁ የከፈላችሁትን ግን ደረሰኝ ካላችሁ ከዓመታት በኋላም ማውጣት ትችላላችሁ።

ከቢል ክፍል አንድ ምክር ልጨምር። ዲዳክቲብሌ አልሞላም ብላችሁ ዴስክ ላይ ሙሉ ዋጋ አትክፈሉ። ቢሉ መጀመሪያ ወደ ኢንሹራንሱ ይሂድ፤ እነሱ የተደራደሩበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ኢኦቢው (ኢንሹራንሱ የሚልከው የሒሳብ ማብራሪያ) ሲደርስ ከክሊኒኩ ቢል ጋር አስተያዩት፣ ከዚያ ክፈሉ። ዓመታዊ ምርመራና ክትባት ግን በኔትወርኩ ውስጥ ከሆነ ዲዳክቲብል አይጠብቅም። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ፣ ፕላኑ ከዲዳክቲብሉ በፊት ይሸፍነው እንደሆነ ስሙን ጠቅሳችሁ ጠይቁ።

የትዳር ጓደኛችሁ በሥራው በኩል መደበኛ ኤፍኤስኤ (ሌላ ዓይነት የሕክምና አካውንት) ካለው፣ ወይም ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከጀመራችሁ፣ ኤችኤስኤ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም።

አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ሕክምና ልክፈልበት የሚለኝም አይጠፋም። አይቻልም። ገንዘቡ ለራስ፣ ለትዳር ጓደኛና በታክስ ሕግ ዲፔንደንት (ጥገኛ) ለሆነ ሰው ብቻ ነው። እናንተው ሄዳችሁ ጥርስ ብትነቀሉ ወይም ብታስሞሉ ግን ይሆናል፤ ደረሰኙን በስማችሁ አስጽፉ። ከዚያ መድኃኒት ገዝቶ ወደ አሜሪካ ማምጣት በአብዛኛው አይቆጠርም።