የሌላውን ፓርቲ መሪ እንዴት እንተች? ብሪታኒያ ውስጥ በር ለምታንኳኩ

ይህን የምጽፈው ብሪታኒያ ለምትኖሩና የፖለቲካ ፓርቲ ውስጥ ገብታችሁ ቅስቀሳ ለጀመራችሁ ነው። የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። እኔ የሊበራል ዴሞክራት አባል ነኝ። ደቡብ ምዕራብ ለንደን ውስጥ በራሪ ወረቀት አድላለሁ፣ በር አንኳኳለሁ። ምርጫ ሲቃረብ አዲስ የሚቀላቀሉን ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «የሌላው ፓርቲ መሪ ሲነሣ ምን እንበል?» ይሉኛል።

መልሴ አጭር ነው። የሠሩትን ተናገሩ፣ መቼ እንደሠሩት ተናገሩ፣ ፍርዱን ለሰሚው ተዉለት።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የእኛው ፓርቲ ነው። በ2010 ምርጫ እጩዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይጨመር ከተባለ ተቃውመን ድምፅ እንሰጣለን ብለው ፈረሙ። መሪያችን ኒክ ክሌግም የፈረሙበትን ወረቀት ይዘው ፎቶ ተነሡ። ከምርጫው በኋላ ከኮንሰርቫቲቭ ጋር ጥምር መንግሥት መሠረትን። ዲሴምበር ላይ የክፍያው ጣሪያ ከ3,300 ፓውንድ ገደማ ወደ 9,000 ፓውንድ እንዲወጣ ፓርላማው ወሰነ። 21 የእኛ አባላት ተቃወሙ፤ ክሌግ ግን ደግፈው ድምፅ ሰጡ። ተቀናቃኞቻችን ስድብ አላስፈለጋቸውም። ፎቶውንና የድምፁን ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጡ፣ አለቀ። ክሌግ በ2012 በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። በ2015 ምርጫ ከ57 መቀመጫ ወደ 8 ወረድን። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ በር ላይ ግን የሚነሣብን ያ ፎቶ ነበር። እውነት ስለሆነ መልስ አልነበረንም።

እንግዲህ አንድ ጉዳይ ምረጡ። አንድ ብቻ። አንድ መሪ ላይ አሥር ክስ ብትደረድሩ ሰሚው አንዱንም አይዝላችሁም። ከአሥሩ አንዱ ስህተት ከሆነ ደግሞ ዘጠኙን ይዞባችሁ ይወድቃል። የኮንሰርቫቲቭ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩትን ሊዝ ትረስን ውሰዱ። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2022 የገንዘብ ሚኒስትራቸው ክዋሲ ክዋርቴንግ 45 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚያስወጣ የግብር ቅናሽ አወጁ። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በቅጡ አልተነገረም። ፓውንድ ወረደ፣ የቤት ብድር ወለድ ተሰቀለ፣ ትረስም ሥልጣን ላይ የቆዩት 49 ቀን ነው። የቤት ብድር ያለበት ሰው ይህን በየወሩ ከኪሱ እያወጣ ያውቀዋል። «ደደብ ናት» ብላችሁ የምትጨምሩበት ነገር የለም።

ማስረጃውን ራሳችሁ ፈልጉ። በዋትሳፕ የተላከላችሁን ምስል አምናችሁ በር ላይ አትቁሙ። ፓርላማ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ሃንሳርድ በሚባለው ቃለ ጉባኤ ላይ በነፃ ይገኛል። ዴይወርክፎርዩ (TheyWorkForYou) የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ የእያንዳንዱን አባል ድምፅ ለይቶ ያሳያል። ስጦታና የጎን ገቢ የሚመዘገብበት የአባላት የገንዘብ ጥቅም መዝገብም ክፍት ነው። ማኒፌስቶውን አንብቡ። ብዙ ተከራካሪ ያላነበበውን ማኒፌስቶ ይተቻል።

የድምፅ መዝገብ ስታነቡ ግን ቀስ በሉ። አንድ አባል አልተገኘም ማለት ግዴለሽ ነው ማለት አይደለም። ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከተቃራኒው ወገን አንዱ ጋር ተስማምተው ሁለቱም ቀርተው ይሆናል። «ሕፃናት ምሳ እንዳይበሉ ድምፅ ሰጠ» የሚል ነገር ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደነበር ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ድምፁ የተሰጠው በአንድ ማሻሻያ ወይም በተቃዋሚ በቀረበ፣ የሕግ ኃይል በሌለው ሐሳብ ላይ ነው።

ታሪኩንም እስከ መጨረሻው ተናገሩ። ሌበርን የምትቃወሙ ከሆነ ለጡረተኞች የሚሰጠው የክረምት ማሞቂያ ድጎማ ጥሩ ርዕስ ነው። መንግሥት በጁላይ 2024 ከአብዛኞቹ ጡረተኞች እንደሚያነሣው አስታወቀ። እውነት ነው። ግን በጁን 2025 ዓመታዊ ገቢያቸው ከ35,000 ፓውንድ ለማይበልጥ እንደሚመለስ ተናገረ። ሁለተኛውን ከደበቃችሁ በር የሚከፍቱላችሁ አዛውንት ራሳቸው ያርሟችኋል። ሁለቱንም ብትነግሯቸው ግን «መጀመሪያውኑ ለምን ነኩት?» የሚለው ጥያቄ ሙሉ ጉልበት ይኖረዋል።

በእኛ መሪ ላይም ይኸው ሆኗል። ኤድ ዴቪ በጥምር መንግሥቱ የፖስታ ጉዳይ ሚኒስትር በነበሩ ጊዜ፣ በኮምፒውተር ስህተት ያለ ጥፋታቸው ለተከሰሱ የትንንሽ ፖስታ ቤት ሥራ አስኪያጆች የሚሟገቱት አለን ቤትስ ሊያገኟቸው ጠየቁ። በሜይ 2010 ስብሰባው ጥቅም የለውም ብለው ጻፉላቸው። ይህ ትችት ትክክል ነው፤ ሲነሣብኝ አልከራከርም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ግን አግኝተዋቸዋል። «ጭራሽ አላገኛቸውም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ቀኑን እነግረዋለሁ። ያን ጊዜ ትክክለኛው ወቀሳውም አብሮ ይላላበታል። ለተቀናቃኝ እንዲህ ያለ ስጦታ አትስጡ።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ፤ ዋናው ሥራ እዚያ ነው። ስታንኳኩ መጀመሪያ ጠይቁ። «ስለ እሳቸው ምን ያስባሉ?» በሉ። ሰውየው መሪውን የሚወድ ከሆነ መሪውን መስደብ እሱን መስደብ ነው። የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎርደን ብራውን ኤፕሪል 28 ቀን 2010 ሮችዴል ውስጥ አንዲት መራጭ ካነጋገሩ በኋላ፣ መኪና ውስጥ ሆነው ስለ ሴትዮዋ የተናገሩት ክፉ ቃል ማይክ ስላልጠፋ ለሕዝብ ተሰማ። ይቅርታ ሊጠይቁ ቤቷ ድረስ ሄዱ። መራጭን የናቀ ሰው ምንም ትችት ቢያቀርብ አይደመጥም።

ናይጄል ፋራጅን የሚወድ ሰው ሲገጥማችሁ ብዙዎች የሚሳሳቱት ቦታ አለ። «ለአውሮፓ ኅብረት በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ እንልካለን የሚል ቀይ አውቶቡስ ይዞ ዋሽቷል» ይላሉ። አውቶቡሱ በ2016 ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ይል የነበረው የቮት ሊቭ ዘመቻ ነበር፤ ፋራጅ ደግሞ ቮት ሊቭ ውስጥ አልነበሩም። ደጋፊያቸው ይህን ያውቃል። አንዴ ካረማችሁ በኋላ ሌላ የምትሉትን አይሰማም። ይልቅ የፓርቲያቸውን የሪፎርም ዩኬን የ2024 የምርጫ ሰነድ አንሡ። የፊስካል ጥናት ተቋም፣ አይ ኤፍ ኤስ የሚባለው ማለቴ ነው፣ የሰነዱ ሒሳብ አይገጥምም ብሏል። «ለግብር ቅናሹ የሚሆነው ገንዘብ ከየት ይመጣል ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ።

የአገራችን ሰው በር ሲከፍት ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አንድ ጋሼ በአማርኛ «ልጄ፣ እነ ፋራጅ ቢመረጡ ሁላችንንም ሊያባርሩን ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎ» ብዬ መሄድ ቀላል ነበር። ድምፃቸውን ወዲያው አገኝ ነበር። ግን ሰውን አስፈራርቶ ድምፅ መውሰድ ነውር ነው፤ በተለይ የሚያምናችሁን ሰው። ስለዚህ ያለውን ነገርኳቸው። ፓርቲው በሴፕቴምበር 2025 ያወጣው እቅድ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድን ማስቀረትና በየአምስት ዓመቱ በሚታደስ ቪዛ መተካት ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ፓስፖርቱን ይዘዋል፤ ይህ እቅድ የሚነካው ፈቃድ ብቻ ያላቸውን ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና የእህታቸውን ልጅ ጠቀሱ። ፈቃድ ብቻ ነው ያላት። ቀጥሎ ያወራነው ስለ እሷ ነው፣ እኔም በሙሉ ልቤ ነው የተቃወምኩት። እውነተኛው እቅድ በቂ ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

መልክ፣ አነጋገር፣ ቤተሰብ፣ ሃይማኖት አትንኩ። በ2014 የሌበር መሪ የነበሩት ኤድ ሚሊባንድ ሳንድዊች ሲበሉ የተነሡት ፎቶ ከፖሊሲያቸው በላይ ተወራ። ከዚያ ወሬ መራጩ ምን ተማረ? የኮንሰርቫቲቮቹን ሪሺ ሱናክንና ኬሚ ባዴኖክን በዘራቸው ወይም በወላጆቻቸው አገር የሚነቅፍ ሰው ከእኛ ጋር እንዲያንኳኳ አልፈቅድም። እኛን የሚመስል ሰው በዚያ መንገድ ሲጠቃ ዝም ካልን ነገ በእኛም ይመጣል።

ስለ ከባድ ወንጀል የሚወራን ነገር ለማጥቂያ መጠቀምም አደገኛ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2022 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማ ውስጥ፣ የሌበሩ መሪ ኪር ስታርመር የዐቃቤ ሕግ ኃላፊ ሳሉ ሕፃናትን ሲደፍር የኖረውን የቴሌቪዥን አቅራቢ ጂሚ ሳቪልን ሳይከሱ ቀሩ አሉ። በውሳኔው የስታርመር እጅ እንደነበረ ግን ማስረጃ አልቀረበም። ለብዙ ዓመት ከጆንሰን ጋር የሠራችው አማካሪያቸው ሙኒራ ሚርዛ በዚህ ምክንያት ለቀቀች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፓርላማው አጠገብ ሰዎች ስታርመርን ከበው ሲጮኹባቸው ፖሊስ መኪና ውስጥ አስገብቶ አሸሻቸው። ሌበርም በኤፕሪል 2023 ሱናክ ሕፃናትን የደፈሩ ሰዎች እንዲታሰሩ አይፈልጉም የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ከራሱ ሰዎች ጭምር ተወቅሷል። ሁለቱም አፍ እላፊ ናቸው። ሁለቱንም እቃወማለሁ።

ሕጉንም እወቁ። ፓርላማ ውስጥ የሚናገር አባል በንግግሩ አይከሰስም፤ እናንተ መንገድ ላይ ያ ከለላ የላችሁም። በ1983ቱ የምርጫ ሕግ አንቀጽ 106 መሠረት በምርጫ ወቅት ስለ እጩ የግል ባሕርይ ወይም ምግባር ሐሰት የሆነ ነገር መናገር ጥፋት ነው፣ እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር። የፓርቲ መሪም በራሱ ምርጫ ክልል እጩ መሆኑን አትርሱ። የሌበሩ ፊል ዉላስ በ2010 በ103 ድምፅ ብልጫ አሸነፉ። በበራሪ ወረቀቶቻቸው ላይ ስለ ተፎካካሪያቸው ሐሰት ጽፈዋል ተብሎ የምርጫ ፍርድ ቤት ውጤቱን ሰረዘው፤ ለሦስት ዓመትም እንዳይወዳደሩ ታገዱ። «ፖሊሲያቸው አገር ይጎዳል» ማለት አስተያየት ነው፤ «ጉቦ በልተዋል» ማለት ግን ክስ ነው። በራሪ ወረቀት ስታትሙ የአታሚውና የአሳታሚው ስምና አድራሻ ይኑርበት። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ለሚወጣ ብዙ የፖለቲካ ጽሑፍም ተመሳሳይ ግዴታ አለ። ረቂቁን ለምርጫ ወኪላችሁ ሳታሳዩ አትልቀቁ።

አንድ ነገር ላይ ድርድር የለም። የማንንም መሪ ቤት ፈልጋችሁ አትሂዱ፣ አድራሻ አታጋሩ፣ «ቢሞት ይሻላል» የሚል ቃል በቀልድም አይውጣችሁ። የፓርላማ አባላቱ ጆ ኮክስ በጁን 2016፣ ዴቪድ ኤሚስ በኦክቶበር 2021 የተገደሉት መራጮቻቸውን ለማግኘት በወጡበት ነው። አንዷ ሌበር፣ አንዱ ኮንሰርቫቲቭ ነበሩ። በቡድናችሁ የዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ ዛቻ የሚጽፍ ካለ አስወጡት፤ ነገሩ ከባድ ከሆነ ለፖሊስ ንገሩ።

በምርጫው ቀን ትችቱ ይቆማል። ድምፅ መስጫው በር ላይ ሮዜት፣ ማለትም ደረት ላይ የሚሰካውን የፓርቲ ምልክት አድርጋችሁ ብትቆሙ ሥራችሁ እያንዳንዱን መራጭ የመራጭነት መዝገብ ቁጥሩን መጠየቅ ብቻ ነው። መራጩ መናገር ካልፈለገ ተዉት። ስለ ማንም መሪ አታውሩ፣ ክርክር የሚያነሣባችሁ ካለ «ዛሬ አልችልም» በሉት። ቁጥሮቹን መዝግባችሁ ለቢሮ ላኩ፣ ቀጣዩ ተረኛ ሲመጣ ወንበሩን ልቀቁለት።