ወይራና ጽድን በመሐል ከተማ ግቢ ተክሎ ማጽደቅ

በክረምት ችግኝ የሚተክል የአዲስ አበባ ነዋሪ ብዙ ነው፤ በጥር ተመልሶ የሚያጠጣው ግን ጥቂት ነው። ይህ መመሪያ በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ ግቢ ላላቸው ሰዎች የተጻፈ ነው።

በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን በአብዛኛው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመንጥሮ ሲመናመን፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገብቶ የከተማዋን የእንጨት ችግር አቃለለ። ቶሎ የሚያድግና ተቆርጦም ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ ውለታው የሚካድ አይደለም፤ ሆኖም ውኃ አብዝቶ ስለሚስብ ለቤት ግቢ አልመክረውም። ዝግባም ሲያድግ ግዙፍ ስለሚሆን ሰፊ ቦታ ለሌለው ወይራ ወይም ጽድ ይሻላል።

ጉድጓዱ ዝናቡ ሳይጠና፣ በግንቦት፣ በጥልቀትም በስፋትም 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቆፈር። የላይኛው አፈር ከታችኛው ተለይቶ ይቀመጥና በሚተከልበት ጊዜ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ በሥሩ ዙሪያ ይሞላል። በመሐል ከተማ ሲቆፈር የሸክላ ስባሪ፣ ምስማርና የሲሚንቶ ፍርስራሽ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህ ሁሉ ተለቅሞ መጣል አለበት።

አፈሩ በሚገባ ሲርስ፣ በሐምሌ፣ ተከላው ይካሄዳል። ብዙ ችግኝ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ፕላስቲኩን ሳያወልቅ ወይም ታችኛውን ጫፍ ብቻ ቆርጦ የሚተክል ሰው አለና። ፕላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ተቀድዶ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ይውጣ፤ ከታች ተጠምዝዞ የተገኘ ሥርም ይቆረጥ፣ አለዚያ እየተጠማዘዘ አድጎ ውሎ አድሮ ዛፉን ያንቀዋል። የችግኙ አንገት ከመሬቱ ጋር እኩል ይሁንና ዙሪያው በእግር ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥ።

ከጥቅምት ጀምሮ ደረቅ ሣር በዙሪያው ይጎዝጎዝ፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ። ቂጡ ተቆርጦ ክዳኑ በመርፌ የተበሳ ሃይላንድ ከችግኙ አጠገብ ተዘቅዝቆ ቢቀበር፣ የሚሞላበት ውኃ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወርዳል። ይህ ለሁለት በጋ መቀጠል ይኖርበታል።

በከተማ መሐል ከብት የለም ብሎ አጥርን መተው ስሕተት ነው። ለፋሲካ የገዛሁት በግ ሁለት ሌሊት ግቢ ውስጥ ታስሮ፣ ሦስት ዓመት የደከምኩበትን ወይራ እስከ ቅርፊቱ ጋጠው። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ችግኙን ለመንቀል አይቸኮል፤ ወይራም ከሥሩ ያቆጠቁጣልና፣ ከቀንበጦቹ ቀጥ ያለው አንዱ ብቻ ቀርቶ ሌሎቹ ይቆረጡ።