ብስክሌት ላይ የሚያበርድ፣ የሚልጥና የሚጠላለፍ ልብስ፦ ችግርና መፍትሄ

ጎማው ተነፍቷል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ የኮርቻው ቁመት ልክ ነው ብለን እንጀምር። ኮርቻው ከፍ ወይም ዝቅ በማለቱ የሚመጣን የጉልበት ሕመም ልብስ ስለማያድነው እሱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። እዚህ የምናየው ልብሱ ራሱ የሚያመጣውን ጣጣ ነው፤ ያውም በሰሜን ሸዋ፣ ጠዋት ውርጭ በሚጥልበትና ቀትር ላይ ፀሐይ ቆዳ በሚያቃጥልበት አገር።

ዳገት ላይ ላብ፣ ቁልቁለት ላይ መንቀጥቀጥ

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተደምሮ ይህን አያህልም።

ነጂው ከደብረ ብርሃን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል። ብርድ ስለሆነ የጥጥ ካናቴራ፣ በላዩ ወፍራም የጥጥ ሹራብ፣ በዚያ ላይ ጃኬት ይደርባል። ሲነሳ ይመቸዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላብ በላብ ይሆናል፤ ቆም ብሎ አንዱን ማውለቅ ግን ይሰንፋል። የዳገቱ ጫፍ የሆነው ጣርማ በር ሲደርስ ካናቴራው ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ፎቶ ይነሳል፣ የመንገዱን ዋሻ ያልፋል፣ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይለቀዋል። ጥቂት ደቂቃ እንደወረደ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ትከሻው ይደርቃል፣ መሪው ይርገበገባል። ከዚያ «የፊት ጎማው ተወላግዷል፣ አስተካክሉልኝ» ብሎ ብስክሌቱን ጋራዥ ያመጣል። ጎማው ሲሽከረከር ቀጥ ያለ ነው፣ የመሪው ኩሽኔታም አልላላም። ይንቀጠቀጥ የነበረው ሰውየው ነው። ክንዱን አድርቆ መሪውን አንቆ ሲይዝ የሰውነቱ መንቀጥቀጥ በቀጥታ ወደ ፊት ጎማው ይሄዳል። ለዚህ ብሎ አዲስ ቸርኬ የገዛም አለ፤ ካናቴራውን ቢቀይር ይበቃው ነበር።

ምክንያቱ ጥጡ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ከጠጣም አይለቅም። ፖሊስተር ግን ከክብደቱ 1 በመቶ እንኳ የማይሞላ እርጥበት ነው የሚይዘው፤ ላቡ በክሩ ላይ ተሰራጭቶ ቶሎ ይደርቃል። ሱፍ ደግሞ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም ሙቀት አይነሳም። እርጥብ ጥጥ ለብሶ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ሰው ነፋሱ ሌላ ዕዳ ነው፦ አየሩ 5 ዲግሪ ቢሆን፣ በዚያ ፍጥነት የተጋለጠ ደረቅ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያህል ነው። እርጥብ ሲሆን ከዚህ ይብሳል።

መፍትሄው ወፍራም ልብስ መጨመር አይደለም። እንዲያውም በሽታውን ያባብሰዋል።

ከቆዳ ጋር የሚነካው ልብስ ስስ የፖሊስተር የኳስ ማሊያ ይሁን። ሰልባጅ ተራ ሞልቷል። ምልክቱን አንብቡ፤ ምልክቱ ተቆርጦ ከሆነ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጥጥ ከሆነ ውሃው እዚያው ገብቶ ይረጋል፤ የስፖርት ፖሊስተር ላይ ግን በሰፊው ይሰራጭና ወዲያው መድረቅ ይጀምራል። ማሊያው ከሰውነት ጋር ይጠጋ፤ ከቆዳ ርቆ የሚንጠለጠል ማሊያ ላብ አይመጥም። ሁለተኛው ድርብ ስስ የሱፍ ሹራብ ነው። የመንዝ በግ ፀጉር የሚሞቅ ቢሆንም ሻካራ ስለሆነ ያሳክካል፤ ስለዚህ በማሊያው ላይ እንጂ በባዶ ቆዳ ላይ አይሆንም። ሦስተኛው ነፋስ የማያሳልፍና ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ ቀላል ጃኬት ነው። አፋችሁን ጨርቁ ላይ አስጠግታችሁ ንፉ፤ ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል እጃችሁ ላይ ከተሰማ ለቁልቁለት አይሆንም።

አነሳሱም ልክ አለው። ከቤት ስትወጡ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ገና በር ላይ ከሞቃችሁ ደራርባችኋል ማለት ነው። ዳገቱ ሲጀምር፣ ላብ ሳይመጣ፣ ጃኬቱን አውልቁ። ጫፍ ስትደርሱ ነፋስ የማያገኘው ጥግ ፈልጉ፤ እርጥቡን ማሊያ አውልቃችሁ በፌስታል ተጠቅልሎ የመጣውን ደረቁን ልበሱ። ከዚያ ሹራቡን፣ በደረት በኩል አንድ እጥፍ ጋዜጣ፣ ከዚያ ጃኬቱን፣ ዚፑን እስከ አገጭ። ጋዜጣው ቀልድ አይደለም፤ የአውሮፓ ተወዳዳሪዎች የተራራ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ደረታቸው ውስጥ የሚከቱት እሱን ነበር። ደብረ ሲና ስትደርሱ ታወጡታላችሁ። ከዚያ በታች ያለው ሸዋ ሮቢት ከደብረ ብርሃን ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል አየሩ ወደ 10 ዲግሪ ይሞቃል፤ እዚያ የምትፈልጉት ማሊያውን ብቻ ነው።

የወለቀ ጃኬት ወገብ ላይ አይታሰርም! እጅጌው ወርዶ የኋላ ጎማ ሽቦ ውስጥ ይገባል። ጋቢና ነጠላም እንደዚሁ። ዋሻው ውስጥ ደግሞ ጥቁር ጃኬት ለብሶ ያለ መብራት መግባት ለአይሱዙ ሹፌር አለመታየት ነው፤ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ከላይ ይደረብ።

ብሽሽትና መቀመጫ መላጥ

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ጂንስ ነው። አራት ወፍራም ስፌት የሚገናኘው ልክ ኮርቻ ላይ በሚያርፈው ቦታ ነው። ቱታ ይሻላል፣ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት የብስክሌት ቁምጣ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቁምጣውን ገዝተው ውስጡ ፓንት የሚለብሱ አሉ፤ ታዲያ ስፖንጁ ለምን ተገዛ? የፓንቱ ስፌት በስፖንጁና በቆዳው መካከል ገብቶ ይፈገፍጋል። ቁምጣው ያለ ፓንት ነው የሚለበሰው። የሚያሳፍረው ሰው ሰፊ ሱሪ ይደርብበት።

ስትገዙ ስፖንጁን በአውራ ጣት ጫኑት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ሞቷል። ጨርቁን ለጥጣችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ነጫጭ ክር ብቅ ብቅ ካለ ላስቲኩ አልቋል፣ በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። ሴቶች የሴት ቁምጣ ይፈልጉ፣ የስፖንጁ ቅርጽ የተለየ ነው።

በየጉዞው ይታጠባል። ያልታጠበ ስፖንጅ ብጉንጅ ያመጣል። በረኪና አይነካውም፣ ፍል ውሃ አይነካውም፤ ሁለቱም ላስቲኩን ይጨርሱታል። ተገልብጦ ጥላ ላይ ይሰጣል። ለረጅም መንገድ ብሽሽት ላይ ስስ ቫዝሊን መቀባት ይረዳል። ቆዳው አንዴ ከቆሰለ ግን እስኪድን ኮርቻ ላይ አትውጡ።

ሱሪ ሰንሰለት ሲበላው

ሁልጊዜ ቀኝ እግር ነው፣ ሰንሰለቱ በቀኝ ስለሆነ። ካልሲ ውስጥ መክተት ይበቃል። ካልያዘ ከአሮጌ ከመነዳሪ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ቁረጡና ከቁርጭምጭሚት በላይ አጥልቁ። ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄድ ሰው በቀላሉ ከጉልበት በታች እንዲያጠብለት ይዘዝ፤ አባቶች ፈረስ ላይ የሚለብሱት ተነፋነፍ ሱሪ ከታች የሚጠበው በከንቱ አይደለም። ከላይ ያለውን ስፋት ግን አትቅዱ፣ የኮርቻ አፍንጫ ይይዘዋል። ሱሪው ከተያዘ አትጎትቱ፤ ብስክሌቱን አቁማችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ፣ ራሱ ይለቃል።

ጣት ቆፍኖ ፍሬን አልያዝ ሲል

ይህ ያደማል። የሹራብ ጓንት ነፋስ ያሳልፋል፤ ከላዩ ስስ የላስቲክ ጓንት፣ ከጠፋም ፌስታል፣ አጥልቁበት። ከመውረዳችሁ በፊት ፍሬኑን ሦስት አራቴ ጨብጣችሁ ሞክሩ፣ ጣት ካልታዘዘ ብብት ውስጥ አሙቁት እንጂ ቁልቁለቱን አትጀምሩ። ለእግር ካልሲ መደራረብ አይጠቅምም። ጫማው ከጠበበ ደም ስለማይዘዋወር ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ዝናብ ልብስ ለብሶ መበስበስ

ውሃው ከውጭ አልገባም፣ ላብ ነው። የላስቲክ ዝናብ ልብስ ትንፋሽ የለውም። ብብቱ ላይ ሦስት አራት ቀዳዳ አስበሱት፣ ዳገት ላይ ዚፑን ክፈቱ። ጀርባው ላይ የጭቃ መስመር ካለ ደግሞ ልብሱን አትውቀሱ፤ ፓራፋንጎ አስገጥሙ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ወገብ ብርድ፦ ስታጎነብሱ ሸሚዙ ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ከኋላ ረዘም ያለ ልብስ ምረጡ።

አንገትና ክንድ መቃጠል፦ ከፍታው ላይ ብርድ ቢኖርም ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ስስ ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል።

የጃኬት ዚፕ ከኋላው መከፈት፦ ተንሸራታቹ ላልቷል። ሁለቱን ጎኖቹን በፒንሳ በቀስታ ጫን ማድረግ ነው፤ አንዴ ብቻ፣ ሁለተኛ ከተጫነ ሊሰበር ይችላል።