የማንጎ ቋንጣ፦ ፍራፍሬን በቤት ውስጥ እንዴት እናደርቃለን

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ማንጎ ሲረክስ ሰው ሳያስበው አምስት ስድስት ኪሎ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። የመጀመሪያው ቀን ጭማቂ፣ ሁለተኛው ቀን ጭማቂ። ከዚያ ልጆቹ ይሰለቻሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ የተረፈው ከሥሩ መጥቆርና መልፈስፈስ ይጀምራል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ማንጎ እየፈለግን በውድ እንገዛዋለን።

ማድረቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሥጋውን ቋንጣ፣ እንጀራውን ድርቆሽ እናደርጋለን። በርበሬውን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን እንኳ የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢብ ደግሞ የደረቀ ወይን ነው። እናቶቻችን በርበሬ ሲያሰጡ ያዩት ሁሉ ፍራፍሬም ማድረቅ ይችላል። የሚለየው ፍራፍሬው ውኃና ስኳር የበዛበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በደንብ የበሰለ ማንጎ 100 ግራም ሥጋው ውስጥ 83 ግራም ያህሉ ውኃ ነው። ሻጋታና እርሾ የሚኖሩት በዚህ ውኃ ነው። ውኃው ሲወጣ መኖሪያ ያጣሉ። ግን ውኃው ቀስ ብሎ ከወጣ ማንጎው ሳይደርቅ ይኮመጥጣል። በኃይለኛ እሳት ከተቻኮለ ደግሞ ላዩ ይጋገርና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ሥራው በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማስኬድ ነው።

ማንጎውን መምረጥ

የበሰለ ግን ጠንከር ያለ ይሁን። በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ ይለስልስ፣ ጣት ግን አያስገባ። ጥሬው ከደረቀ በኋላም ይኮመጥጣል። ከመጠን በላይ የበሰለው ሲቆረጥ ይፈርሳል። ቃጫ የሌለው አፕል ማንጎ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ቃጫ የበዛበት ማንጎ ሲደርቅ ክሩ ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ እሱን አትጣሉት፣ ወደ ታች ሌላ መላ አለው።

ማጠብና መቁረጥ

ከመላጣችሁ በፊት በሚፈስ ውኃ እጠቡት። በቢላ ሲቆረጥ ልጣጩ ላይ ያለ ቆሻሻ ወደ ሥጋው ይገባልና። ከዚያ ልጡና ከፍሬው ግራና ቀኝ ያለውን ሥጋ በቁሙ አንሱ። ያነሳችሁትን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ክተፉት። ከእርሳስ ትንሽ ቀጠን ያለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የቁራጩ ውፍረት እኩል መሆን አለበት። ቀጭኑ እንደ ወረቀት ሲደርቅ ወፍራሙ ገና ውኃ ይዟል፤ ማሰሮ ውስጥ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ወፍራም ቁራጭ ነው። ቢላችሁን ሳሉት።

ሎሚ ጨምቁና በእኩል መጠን ውኃ በርዙት። ቁራጮቹን 10 ደቂቃ ንከሩና አንጠፍጥፉ። ሙዝና ፖም ያለ ሎሚ ይጠቁራሉ። ማንጎ ብዙ አይጠቁርም፤ እኔ ግን ለጣዕሙም ስል አልተውም። ስኳር አትጨምሩ። ሲደርቅ የራሱ ይበቃዋል።

በፀሐይ

ፀሐዩ ብቻውን አይበቃም፤ አየሩም ደረቅ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላይ አስተማማኙ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። በዚያ ወቅት ሙዝና ፓፓያ ማድረቅ ደስ ይላል። ማንጎ በሚረክስበት ጊዜ ግን የበልግ ዝናብ ድንገት ይመጣል፣ ከሰኔ ወዲያ ደግሞ ክረምቱ ነው። ሰማዩን ካላመናችሁት ወደ ኦቨኑ ሂዱ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ዝናብ የሌለበትን ሳምንት ብቻ ምረጡ፤ ሙቀቱ ይረዳችኋል።

ሰፌድ ላይ ንጹሕ ነጭ ሻሽ አንጥፉ። ቁራጮቹን ሳይነካኩ ደርድሩ። ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ሰፌዱን በአራት ድንጋይ ወይም በወንበር ላይ አስቀምጡት። መሬት ላይ ከሆነ አቧራውም ጉንዳኑም አይቀርለትም። ከላይ በስስ ሻሽ ሸፍኑት፤ ሻሹ ግን ፍሬውን እንዳይነካ ዳር ዳሩን በብርጭቆ ከፍ አድርጉት። ዝንብ በሻሹ ላይ ካረፈ ፍሬው ላይ እንዳረፈ ቁጠሩት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የወባ አጎበር ቆርጣችሁ አትሸፍኑበት። ወንፊት ይመስላል፣ ለሥራውም ይመቻል፣ ግን ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ነው። ዚንክ በተቀባ የሽቦ ወንፊት ላይም አትዘርጉ። የፍሬው ኮምጣጣነት ብረቱን ይነካዋል።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አውጡ፣ 10 ሰዓት ላይ አስገቡ። የማታው ጤዛ የቀኑን ድካም ሁሉ ይመልሰዋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ገልብጡ። ጥሩ ፀሐይ ካለ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጃል። በሁለተኛው ቀን ማታ የመኮምጠጥ ሽታ ከመጣ፣ ቶሎ ኦቨን ውስጥ ጨርሱት ወይም ጣሉት።

ፀሐይ ላይ የደረቀ ፍሬ ውስጥ የማይታይ የነፍሳት እንቁላል ሊኖር ይችላል። ከደረቀ በኋላ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር 48 ሰዓት አቆዩት። ፍሪዘር ከሌለ በ70 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 30 ደቂቃ ይበቃል።

በኦቨን ወይም በማሽን

ኦቨኑን 60 ዲግሪ ላይ አድርጉ። የብዙ ቤት ኦቨን ይህን ያህል ዝቅ አይልም። በመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ አድርጋችሁ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርጉት። ሁለት ጥቅም አለው፦ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ እንፋሎቱም ይወጣል። ትናንሽ ልጆች ካሉ ግን ከአጠገቡ አትራቁ። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። በየሁለት ሰዓቱ ገልብጡ። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ለአንድ ሁለት ሰዓት በሩን ዘግታችሁ ጠብቁ። ከዚያ በላይ ከቆየ ፍሪጅ ውስጥ ከታችሁ ሲመጣ ቀጥሉ።

ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በሐምሌ ወበቅ በረንዳ ላይ ባትሞክሩት ይሻላል። ሙቀቱ ቢኖርም አየሩ እርጥብ ነው። በማድረቂያ ማሽን 57 ወይም 60 ዲግሪ ላይ አድርጋችሁ አሳድሩት።

ቃጫ የበዛበትን ማንጎ በጁስ መፍጫ ፍጩና በወንፊት አጥልሉት። የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱት። በዚያው ሙቀት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሲቆይ የማንጎ ቂጣ ይሆናል። መሀሉ በጣት ሲነካ ካልተጣበቀ ደርሷል። ጠቅልላችሁ ቁረጡት። ልጆች ከረሜላ ይረሱለታል።

ደርቋል የምንለው መቼ ነው?

ትኩሱን አትፍረዱበት። ትኩስ ፍሬ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። ሁለት ሦስት ቁራጭ አውጥታችሁ አቀዝቅዙ። እጠፉት፦ መታጠፍ እንጂ መሰበር የለበትም። መሀሉን ቆርጣችሁ ጨምቁት፦ ጠብታ መውጣት የለበትም። እርስ በርሱም መጣበቅ የለበትም። ሙዝ ላይ የሚንኮሻኮሽ ነገር አትጠብቁ፤ ሱቅ ያለው የሚንኮሻኮሸው በዘይት የተጠበሰ ነው። በቤት የደረቀ ሙዝ ቡናማና እንደ ቆዳ የሚታኘክ ነው፣ ጣፋጭነቱ ግን ሌላ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ደረጃ አለ። እኔም መጀመሪያ ላይ ዘልዬው አንድ ሙሉ ማሰሮ ሻገተብኝ። ሁሉም ቁራጭ እኩል አይደርቅም። ስለዚህ የቀዘቀዘውን ፍሬ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ሙሉና ክደኑት። ለሰባት ቀን በየቀኑ ነቅንቁት። እርጥቡ ለደረቁ ያካፍላል። በመስታወቱ ውስጥ ላብ ካያችሁ አውጥታችሁ እንደገና አድርቁት። ሻጋታ ካያችሁ ግን አታድርቁት፤ ሙሉውን ጣሉት። የተበላሸውን ቁራጭ ብቻ መርጦ ማውጣት አይበቃም።

ከሳምንቱ በኋላ አፉ በደንብ በሚዘጋ ማሰሮ፣ ፀሐይ በማይነካው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ስድስት ወር በቀላሉ ይቆያል። ቀን ጻፉበት። ከ5 ኪሎ ማንጎ ልጣጩና ፍሬው ወጥቶ 3 ኪሎ ሥጋ ቢገኝ፣ ደርቆ 600 ግራም ገደማ ነው የሚሆነው። ትንሽ መሰለ ብላችሁ አትዘኑ፤ ጣዕሙ ተጠራቅሞ ነው። ስኳሩም እንደዚያው ስለሚጠራቀም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በልክ ይብላው። ቫይታሚን ሲው በከፊል ይቀንሳል፣ ቃጫው (ፋይበሩ) ግን አለ።

አቮካዶ አትሞክሩ፤ ቅባቱ ስለሚበዛ፣ ባይሻግት እንኳ ቅባቱ ተበላሽቶ ይሸታል። ፓፓያ፣ አናናስና ዘይቱና ግን በዚሁ መንገድ ያምራሉ።

በጾም ጠዋት አጃ ገንፎ ላይ ተቆራርጦ ይጨመራል። ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ቢዘፈዘፍ ለጭማቂ ይሆናል። እኔ የምወደው ከገብስ ቆሎ ጋር ነው። ብቻ አንድ ላይ ቀላቅላችሁ አታስቀምጡ፤ ቆሎው የማንጎውን እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። ቡናው ሲቀርብ ቀላቅሉት።